ፕሮፌሽናል መሐንዲስ (አሜሪካ)

ፕሮፌሽናል መሐንዲስ በአሜሪካ ኅብረ ግዛቶች ከአንድ ግዛት የፈቃድ ቦርድ የምህንድስና ሥራ ፈቃድ ያገኘ ባለሙያ ነው። በአጭሩ «ፒ ኢ» ይባላል፤ ሁለቱ ፊደላት ከባለሙያው ስም ቀጥሎ ይጻፋሉ። ለሕዝብ አገልግሎት በሚውል ሕንፃ፣ ድልድይ፣ ግድብ፣ የውኃ መስመር ወይም የኤሌክትሪክ ሥራ ንድፍ ላይ ማኅተሙን አሳርፎ በሕግ ፊት ኃላፊነት ሊወስድ የሚችለው ይህ ፈቃድ ያለው ሰው ነው።

ፈቃዱ እንደ ዲግሪ አንድ ጊዜ ተይዞ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አይደለም። እንደየግዛቱ ሕግ በየአንድ፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል፤ በአብዛኞቹ ግዛቶችም መሐንዲሱ በመካከሉ ትምህርት መቀጠሉን ማስረዳት አለበት። ይህ መጣጥፍ ፈቃዱ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ እንዴት እንደሚገኝና እንደሚጠበቅ፣ እንዲሁም በዙሪያው ያሉትን ክርክሮች ያብራራል። ዓመቶቹ ሁሉ፣ ሌላ ካልተጠቀሰ በቀር፣ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በዲግሪና በፈቃድ መካከል ያለው ልዩነት

በአሜሪካ በምህንድስና የተመረቀ ሰው ሁሉ ፕሮፌሽናል መሐንዲስ አይባልም። ዲግሪ ዩኒቨርሲቲው ስለ ተማሪው የሚሰጠው ምስክርነት ሲሆን፣ ፈቃድ ግን መንግሥት ስለ ባለሙያው ለሕዝብ የሚሰጠው ዋስትና ነው። ነገሩ ከሕክምና ወይም ከጥብቅና ጋር ይመሳሰላል፤ በሕክምና የተመረቀ ሰው ያለ ፈቃድ በሽተኛ ማከም አይችልም።

የፈቃዱ ምክንያት ቀላል ነው። ሰው ወደ ሕንፃ ሲገባ የአምዱን ብረት ቆጥሮ፣ የኮንክሪቱን ጥንካሬ ለክቶ አይገባም። የማያውቀውን ሰው ሥራ አምኖ ነው የሚገባው። ስለዚህ ሕጉ ንድፉን ያወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ እንዲታወቅ፣ ችሎታው አስቀድሞ እንዲመዘን፣ ከተሳሳተም የሚጠየቅ እንዲሆን ያደርጋል። የቦርዶቹ መሠረታዊ ዓላማ የሕዝብን ጤና፣ ደኅንነትና ጥቅም መጠበቅ ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን እያንዳንዱ ግዛት ነው። በቴክሳስ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ በኒው ዮርክ ለሚሠራ ሕንፃ ንድፍ ለማተም የኒው ዮርክን ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። ፈተናዎቹ በአገር አቀፍ ደረጃ አንድ ስለ ሆኑ ግን ሁለተኛውን ፈቃድ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ማስረጃ ማቅረብ እንጂ እንደገና መፈተን አያስፈልግም።

ታሪክ

የመጀመሪያው የምህንድስና ፈቃድ ሕግ በ1907 በዋዮሚንግ ግዛት ወጣ። በዚያን ጊዜ በደረቁ የምዕራብ አሜሪካ ክፍል የመስኖ ውኃ የመጠቀም መብት የሚጠይቁ ሰዎች ካርታና ንድፍ ለመንግሥት ያቀርቡ ነበር። የግዛቱ ዋና መሐንዲስ ክላረንስ ጆንስተን ሰነዶቹን ሲመረምር ብዙዎቹ በጠበቆች፣ በውል አዋዋዮችና ሙያው በሌላቸው ሌሎች ሰዎች የተዘጋጁና የተፈረሙ መሆናቸውን አየ። በእርሱ ግፊት ማንም ሰው ራሱን መሐንዲስ ወይም ቀያሽ ብሎ ከመሥራቱ በፊት እንዲመዘገብ የሚያዝ ሕግ ወጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ቻርልስ ቤላሚ በአገሪቱ የመጀመሪያው ባለፈቃድ መሐንዲስ ሆነ።

ሌሎች ግዛቶች የተከተሉት ቀስ በቀስ ነበር፤ አንዳንዶቹን ያነቃቸው ከባድ አደጋ ነው።

በካሊፎርኒያ መጋቢት 12 ቀን 1928 እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው የሴንት ፍራንሲስ ግድብ ተደረመሰ። ጎርፉ እስከ ፓስፊክ ውቅያኖስ ድረስ ሸለቆውን ጠርጎ ከ400 በላይ ሰዎችን ገደለ። ግድቡን ያሠራው ዊልያም መልሆላንድ ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ፣ ለሎስ አንጀለስ ከተማ ውኃ ያመጣ ዝነኛ ሰው ነበር። ግድቡ ከመደርመሱ ወደ 12 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ፍሳሹን በዓይኑ አይቶ የሚያሰጋ ነገር የለም ብሎ ነበር። ግዛቱ በማግሥቱ ዓመት በ1929 የሲቪል መሐንዲሶችን የምዝገባ ሕግ አወጣ፤ ግድቦችንም በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አደረገ።

በቴክሳስ ደግሞ መጋቢት 18 ቀን 1937 በኒው ለንደን ከተማ የአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ በጋዝ ፍንዳታ ፈረሰ። ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ማንም ሳያውቀው ከወለሉ በታች ተጠራቅሞ ነበር። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት ቴክሳስ የመሐንዲሶችን ምዝገባ በሕግ ደነገገች፤ ለጋዝ መጥፎ ሽታ እንዲጨመርበትም አዘዘች። ዛሬ በቤት ውስጥ ጋዝ ሲያመልጥ የሚሸተው ያ ሽታ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው።

የየግዛቱ ቦርዶች በ1920 የጋራ ምክር ቤት መሠረቱ። ይህ ድርጅት ዛሬ ብሔራዊ የምህንድስናና የቅየሳ ፈታኞች ምክር ቤት ይባላል። ፈተናዎቹን የሚያዘጋጀውና ግዛቶች እንደ አርአያ የሚወስዱትን ሞዴል ሕግ የሚጽፈው እርሱ ነው።

ፈቃዱ የሚገኝበት መንገድ

ዝርዝሩ ከግዛት ግዛት ቢለያይም የተለመደው መንገድ አራት ደረጃዎች አሉት።

1. ትምህርት። አመልካቹ ኤቤት በተባለው የዕውቅና ሰጪ ድርጅት ከጸደቀ የምህንድስና ፕሮግራም የመጀመሪያ ዲግሪ ይይዛል።

2. የመሠረታዊ ምህንድስና ፈተና። ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ ሊመረቁ ሲቃረቡ ወይም ተመርቀው ብዙ ሳይቆዩ ይወስዱታል። ከ2014 ጀምሮ በኮምፒዩተር ብቻ የሚሰጥ ሲሆን 110 ጥያቄዎች አሉት። ቀመሮችና ሠንጠረዦች የያዘ መጽሐፍ በስክሪኑ ላይ ይቀርባል፤ ስለዚህ ፈተናው የሚለካው ቀመር ማስታወስን ሳይሆን የትኛው ቀመር የት እንደሚያገለግል ማወቅን ነው። ያለፈ ሰው እንደየግዛቱ «ተለማማጅ መሐንዲስ» ወይም ተመሳሳይ ስያሜ ያገኛል።

3. የሥራ ልምድ። በአብዛኛው ባለፈቃድ መሐንዲስ እየተቆጣጠረው ለአራት ዓመት ይሠራል። ልምዱ በየጊዜው ኃላፊነቱ እየጨመረ የሄደ መሆን አለበት፤ አንድን ሥራ አራት ዓመት መደጋገም በቂ አይደለም።

4. የሙያው መርህና አሠራር ፈተና። ይህ ለየዘርፉ የተለየ ነው። የሲቪል ምህንድስናው 80 ጥያቄዎች ሲኖሩት የመፈተኛ ጊዜው 8 ሰዓት ነው፤ ተፈታኙም ከግንባታ፣ ከአፈር ምህንድስና፣ ከስትራክቸር፣ ከመጓጓዣ ወይም ከውኃ ሀብትና አካባቢ አንዱን ይመርጣል። ብዙ ግዛቶች የልምዱ ዘመን ሳይጠናቀቅ ይህን ፈተና መውሰድ ይፈቅዳሉ፤ ፈቃዱ ግን ልምዱ ሳይሟላ አይሰጥም።

የማኅተሙ ትርጉም

ፈቃድ ያገኘ መሐንዲስ ስሙና የፈቃድ ቁጥሩ ያለበት ማኅተም ይኖረዋል። ማኅተሙ የሚያርፈው መሐንዲሱ ራሱ በሠራው ወይም በቅርብ ተቆጣጥሮ ባሠራው ንድፍ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ሰው የሠራውን ሳይመረምሩ ማተም በሁሉም ግዛቶች ጥፋት ነው።

ይህ የወረቀት ደንብ ብቻ አለመሆኑን በሚዙሪ ግዛት በካንሳስ ሲቲ የደረሰው አደጋ ያሳያል። ሐምሌ 17 ቀን 1981 በሐያት ሪጀንሲ ሆቴል ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ለዳንስ ተሰብስቦ ሳለ ከጣሪያው በብረት ዘንግ የተንጠለጠሉ ሁለት የእግረኛ መተላለፊያዎች ወደቁ። 114 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ።

መተላለፊያዎቹ አንዱ በ4ኛው፣ ሌላው ከሥሩ በ2ኛው ፎቅ ላይ ነበሩ። በመጀመሪያው ንድፍ ረጃጅም ዘንጎች ከጣሪያው ተነሥተው ሁለቱንም አልፈው ይወርዱ ነበር፤ እያንዳንዱ መተላለፊያም በዘንጉ ላይ በራሱ ዳዶ ይቀመጥ ነበር። ለአሠራር እንዲመች ግን ረጅሙ ዘንግ ወደ ሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ከጣሪያ እስከ 4ኛው ፎቅ፣ ሁለተኛው ከ4ኛው ፎቅ ብረት ተነሥቶ እስከ 2ኛው።

ለውጡ ለዓይን ትንሽ ነው። ሁለት ቅርጫቶች በአንድ ገመድ ላይ በየራሳቸው ቋጠሮ ቢታሰሩ እያንዳንዱ ቋጠሮ የሚይዘው አንድ ቅርጫት ነው። የታችኛው ቅርጫት በላይኛው ቅርጫት ላይ ከታሰረ ግን የላይኛው ቋጠሮ ሁለቱንም ይሸከማል። በሆቴሉም የ4ኛው ፎቅ መያዣ የሚሸከመው ጭነት እጥፍ ሆነ። የፌዴራል መርማሪዎች እንዳረጋገጡት የመጀመሪያው ንድፍ ራሱ የከተማው የሕንፃ ደንብ ከሚጠይቀው ጥንካሬ 60 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር የሚይዘው፤ የተሠራው ከዚያም ያነሰ ነበር።

ለውጡ በስሌት ሳይፈተሽ አለፈ፤ የወርክሾፕ ንድፎቹም የመሐንዲሱን ማኅተም ይዘው ወጡ። ማኅተሙ ግን ሥራው ታይቷል የሚል ቃል ነበር። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ኃላፊ መሐንዲሶች በሚዙሪ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ከእነርሱ አንዱ ከዓመታት በኋላ ስለ ጥፋቱ ለመሐንዲሶች በየስብሰባው ንግግር ያደርግ ነበር። ጉዳዩ እስከ ዛሬ በሙያ ሥነ ምግባር ትምህርት ውስጥ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ

ፈተና የሚመዝነው ባለሙያው በተፈተነበት ቀን የሚያውቀውን ነው። የመሐንዲስ የሥራ ዘመን ግን 30 ወይም 40 ዓመት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ መካከል ደንቡም፣ ዕቃውም፣ የስሌት መሣሪያውም ይለወጣል። ስለዚህ አብዛኞቹ ግዛቶች ፈቃድ ሲታደስ የተወሰነ የሙያ ማጎልበቻ ሰዓት ይጠይቃሉ።

አንድ የሙያ ማጎልበቻ ሰዓት ቢያንስ የ50 ደቂቃ ትምህርት ነው። የምክር ቤቱ ሞዴል ደንብ በዓመት 15 ሰዓት ይላል። ግዛቶች ግን የየራሳቸውን ይወስናሉ፦

- ቴክሳስ በዓመት 15 ሰዓት ትጠይቃለች፤ አንዱ በሥነ ምግባር ላይ መሆን አለበት።
- ኒው ዮርክ በሦስት ዓመት 36 ሰዓት ትጠይቃለች።
- ፍሎሪዳ በሁለት ዓመት 18 ሰዓት ትጠይቃለች፤ ከዚህ ውስጥ አንድ ሰዓት ስለ ግዛቱ የምህንድስና ሕግ፣ አንድ ሰዓት ስለ ሥነ ምግባር ነው።
- ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ በሁለት ዓመት 16 ሰዓት ይጠይቃሉ።
- ካሊፎርኒያ ከመሐንዲሶች የትምህርት ሰዓት አትጠይቅም።

ሰዓቱ የሚሞላው በክፍል ውስጥ በመቀመጥ ብቻ አይደለም። በሞዴሉ መሠረት አንድ የዩኒቨርሲቲ ሴሚስተር ክሬዲት እንደ 45 ሰዓት ይቆጠራል። ኮርስ ማስተማር፣ በሙያ መጽሔት ላይ ጥናት ማሳተም፣ የፈጠራ መብት ማስመዝገብ፣ በሙያ ማኅበር ውስጥ በኃላፊነት ማገልገልም ነጥብ ያስገኛሉ። የትርፍ ሰዓትን ወደሚቀጥለው ዘመን ማሸጋገርም በገደብ ይቻላል። መሐንዲሱ የምስክር ወረቀቶቹን ራሱ ያስቀምጣል፤ ቦርዱ በዕጣ መርጦ ማስረጃ ሲጠይቀው ማቅረብ አለበት።

ይህ ሥርዓት ተቺዎች አሉት። ሰዓት መቁጠር ዕውቀት መቁጠር አይደለም፤ አንድ ሰው ከሥራው ጋር የማይገናኝ ርካሽ የኢንተርኔት ኮርስ ከፍቶ ሰዓቱን ሊሞላ ይችላል። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ግዴታው ባይኖር በሥራ የተጠመደ መሐንዲስ ለትምህርት ጊዜ እንደማይሰጥ፣ አሠሪውም ወጪውን እንደማይሸፍንለት ይናገራሉ። ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ነገር ቢኖር ትምህርቱ የሚጠቅመው ከባለሙያው የዕለት ሥራ ጋር ሲያያዝ መሆኑን ነው።

የሙያ ዜና እንደ ትምህርት

ለባለፈቃድ መሐንዲስ የሙያ ዜና መከታተል ትርፍ ነገር አይደለም። የሕንፃ ደንቦች በየጊዜው ይታረማሉ፤ በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የሕንፃ ደንብ በየሦስት ዓመቱ በአዲስ እትም ይወጣል። ከለውጦቹ ብዙዎቹ ከአንድ አደጋ የተገኙ ትምህርቶች ናቸው።

ለምሳሌ ጥር 17 ቀን 1994 በሎስ አንጀለስ አቅራቢያ የኖርዝሪጅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከዚያ በፊት የብረት ሕንፃዎች የመንቀጥቀጥን ኃይል በመተጣጠፍ ይችሉታል ተብሎ ይታመን ነበር። ምርመራው ግን በብዙ ሕንፃዎች ውስጥ አግዳሚውና ቋሚው ብረት የተበየዱበት መገጣጠሚያ መሰንጠቁን አሳየ። ሕንፃዎቹ ስላልወደቁና ብረቱ በግድግዳ ስለ ተሸፈነ ስንጥቁ ወዲያው አልታየም ነበር። ከዓመታት ጥናት በኋላ የመገጣጠሚያው አሠራርና ደንቡ ተለወጠ። በ1990 ተፈትኖ ፈቃድ ያገኘና ከዚያ ወዲህ ምንም ያላነበበ መሐንዲስ ትክክል ብሎ የሚያውቀው የቀድሞውን አሠራር ነው።

ሌላው ምሳሌ መስከረም 13 ቀን 2018 በማሳቹሴትስ ግዛት በሜሪማክ ሸለቆ የደረሰው የጋዝ አደጋ ነው። ሠራተኞች የድሮውን የብረት ጋዝ ቧንቧ በፕላስቲክ ይተኩ ነበር። የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው መሣሪያ ግፊቱን የሚለካባቸው ቀጫጭን መስመሮች ግን ከአገልግሎት በወጣው አሮጌ ቧንቧ ላይ እንደ ተያያዙ ቀሩ። አሮጌው ቧንቧ ሲዘጋ ግፊቱ ቀነሰ፤ መሣሪያውም በመላው መስመር ግፊት የወረደ መስሎት ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፈተው። የኮምፒዩተር ተማሪዎች ይህን ዓይነት ስሕተት ያውቁታል፤ ፕሮግራሙ በትክክል ይሠራል፣ የሚያነበው ቁጥር ግን የሌላ ነገር ነው። በሦስት ከተሞች 131 ሕንፃዎች ተጎዱ፤ አንድ ሰው ሞተ፤ ከ20 በላይ ቆሰሉ።

የብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ምርመራ የሥራው ዕቅድ በባለፈቃድ መሐንዲስ እንዳልታተመ አመለከተ። ሕጉም ይህን አያስገድድም ነበር። ግዛቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ ለጋዝ ሥራ ዕቅዶች የፕሮፌሽናል መሐንዲስ ማኅተም እንዲያስፈልግ አደረገ።

ክርክሮች

የኢንዱስትሪ ነጻነት። በብዙ ግዛቶች በፋብሪካ ወይም በአገልግሎት ድርጅት ተቀጥረው የድርጅቱን ምርት የሚነድፉ መሐንዲሶች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። መኪና፣ አውሮፕላንና ኤሌክትሮኒክስ የሚነድፉት አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። የዚህ ነጻነት ደጋፊዎች ለምርቱ ተጠያቂው ድርጅቱ ነው፣ ምርቱም ከመሸጡ በፊት ይፈተሻል ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ የሜሪማክን አደጋ ይጠቅሳሉ።

መሐንዲስ የሚለው ስም። የስዊድን ተወላጁ ማትስ ያርልስትሮም በኦሪጎን ግዛት የትራፊክ መብራት ቢጫ የሚበራበት ጊዜ የሚሰላበትን ቀመር መርምሮ ለሚታጠፉ መኪናዎች አጭር ነው አለ። የግዛቱ ቦርድ ፈቃድ ሳይኖረው ራሱን መሐንዲስ ብሏል፣ የምህንድስና ሥራም ሠርቷል በሚል 500 ዶላር ቀጣው። እርሱም ቦርዱን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ በ2018 መጨረሻ ፍርድ ቤቱ ሐሳብን በነጻ የመግለጽ መብቱ ተጥሷል ብሎ ፈረደለት። በ2020 የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም ለሚታጠፉ መኪናዎች ሐሳቡን የሚቀበል አዲስ መመሪያ አወጣ። ጉዳዩ ሕዝብን ከሐሰተኛ ባለሙያ በመጠበቅና ዜጋን ዝም በማሰኘት መካከል ያለውን ድንበር አሳይቷል።

ሶፍትዌር። ቴክሳስ በ1998 የሶፍትዌር መሐንዲሶችን በፈቃድ ማስተናገድ ጀመረች። አገር አቀፉ የሶፍትዌር ምህንድስና ፈተና የተጀመረው በ2013 ሲሆን በ2019 ተቋረጠ፤ ምክንያቱ የተፈታኝ ማነስ ነው። በአምስት ዙር የተፈተኑት በጠቅላላ 81 ሰዎች ብቻ ነበሩ። አሠሪዎች ፈቃዱን አይጠይቁም፤ ለፈተናው ባለፈቃድ የሶፍትዌር መሐንዲስ ሥር መሥራትም አስቸጋሪ ነበር፤ እንዲህ ያሉ መሐንዲሶች ጥቂት ናቸውና። ይሁን እንጂ ሕክምና መሣሪያን፣ መኪናንና የኤሌክትሪክ መረብን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር ስለ ሆነ ለስሕተቱ ማን በስሙ ይፈርማል የሚለው ጥያቄ ገና አልተመለሰም።

ከሌላ አገር የመጡ መሐንዲሶችና የኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ ወይም በሌላ አገር ተምሮ አሜሪካ የገባ መሐንዲስ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። የዩኒቨርሲቲው ፕሮግራም የኤቤት ዕውቅና ከሌለው ትምህርቱ ከአሜሪካው መመዘኛ ጋር ይነጻጸራል፤ ይህን ግምገማ ምክር ቤቱ ራሱ ያካሂዳል። የትምህርት ማስረጃው በቀጥታ ከዩኒቨርሲቲው መላክ ይኖርበታል፤ በሌላ ቋንቋ ከሆነም ይተረጎማል። ጉድለት ከተገኘ ግዛቱ ተጨማሪ ኮርስ ወይም ረዘም ያለ ልምድ ሊጠይቅ ይችላል። የመሠረታዊ ምህንድስና ፈተናውን ቀደም ብሎ ማለፍ ለሥራ ፍለጋም ይረዳል፤ አሠሪው የማያውቀውን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ በሚያውቀው ፈተና ይመዝነዋልና።

በኢትዮጵያ «ፕሮፌሽናል መሐንዲስ» የሚለው ስያሜ በግንባታ ባለሙያዎች ምዝገባ ውስጥ ያገለግላል፤ ትርጉሙ ግን ከአሜሪካው የተለየ ነው። ምዝገባው የሚመሠረተው በዋናነት በትምህርትና በሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ ነው። በ2001 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ የተመዘገበ ባለሙያን ኃላፊነት ደንግጓል። ስለዚህ አንድ ሰው በሁለቱ አገሮች ተመሳሳይ ስም ቢኖረውም በአንዱ ያገኘው ፈቃድ በሌላው አይሠራም።